«ይሰማል?» የምትለው ወፍ

በ2005 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ ኩዌት በሰው ቤት ሥራ ሁለተኛ ዓመቴን እንደጀመርኩ፣ የቤቱ ባለቤት ባባ ከወፍ ገበያ አንዲት በቀቀን ገዝተው መጡ። ግራጫ ናት። ላባዋ ዳር ዳሩ ነጣ ስለሚል የዓሣ ቅርፊት ይመስላል። ጅራቷ ግን በርበሬ ውስጥ እንደተነከረ ቀይ ነው። ዓይኖቿ ያን ቀን ጥቁር ነበሩ፤ ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ። ኩዌቶች ይህን ዓይነት በቀቀን ካስኮ ይሉታል፤ እሷም ሌላ ስም ሳይወጣላት ካስኮ ተብላ ቀረች። ወንዱና ሴቷ በመልክ አይለዩም። እኔ ግን ከመጀመሪያውም እሷ አልኳት።

ሳሎን ውስጥ በሽቦ ቤት አስቀመጧት። ልጆቹ «ሰላም አለይኩም በይ» እያሉ ሁለት ሳምንት ያህል ከበቧት። እሷ ሰው በቀረበ ቁጥር ጥግ ትይዝና ታጉረመርማለች፤ ወፍ እንዲህ ማጉረምረም እንደሚችል ያኔ ነው ያወቅሁት። ልጆቹ ተሰላችተው ተዉአት። ወር ሳይሞላ የደረቷን ላባ እየነቀለች መጣል ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ላባውንና ከገላዋ የሚረግፈውን ዱቄት የመሰለ ብናኝ ከምንጣፉ ላይ የማነሳው እኔ ነበርኩ። በመጨረሻ ማዳም «ወደ አንቺ ውሰጃት» አለችኝ። ወደ እኔ ማለት ልብስ ወደማጥብበትና ወደምተኩስበት ክፍል ማለት ነው።

እናቴ ያለችው ጎጃም ነው፤ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ። በዚያን ጊዜ ኔትወርክ የሚገኘው ከቤታችን ጀርባ ካለችው ጉብታ ላይ ብቻ ስለነበር፣ ዓርብ ዓርብ በተቀጣጠርንበት ሰዓት ስልኳን ይዛ ትወጣልኛለች። እኔ ካርድ እሞላና ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ፣ ከልብሱ ክምር አጠገብ አስቀምጬ፣ እየተኮስኩ እደውላለሁ። መስመሩ ስለሚቆራረጥ ከወሬያችን የሚበዛው «እማዬ ይሰማል?» ነበር። «ሄሎ! ይሰማል? እማዬ፣ ይሰማል?» ከዚያ ማዶ ደግሞ፣ ነፋሱ ስልኩ ውስጥ እየገባ፣ «ይሰማል ልጄ፣ ይሰማል!» ሰው አገር የሠራች ሴት ሁሉ ይህን ቃል ታውቀዋለች። የእህል ዋጋ፣ የላሟ መውለድ፣ የወንድሜ ትምህርት፣ ሁሉም የሚመጣው ከእሱ በኋላ ነው፤ አንዳንድ ዓርብ ደግሞ ከእሱ ሳናልፍ ካርዱ ያልቃል።

ካስኮ እኔ ክፍል ከገባች ስምንት ወር ገደማ ሲሆናት፣ ጀርባዬን ሰጥቻት ዲሽዳሻ እየተኮስኩ ሳለሁ፣ በራሴ ድምፅ «ይሰማል?» ሲል ሰማሁ። ካውያውን እንደያዝኩ ቀረሁ። የእኔው ጉሮሮ፣ የእኔው ቅላፄ፣ መጨረሻው ላይ ከፍ የሚለው ጭንቀቴ ሳይቀር። ዞር ስል ካስኮ በአንድ ዓይኗ ታየኛለች። እንደገና፣ «ይሰማል?»

በሚቀጥለው ዓርብ ስልኩ ላይ ሆኜ፣ መስመሩ ጸጥ ባለበት መሃል ደገመችው። እኔ አፌን ሳልከፍት እናቴ «ይሰማል ልጄ!» ብላ መለሰችላት። እየሳቅሁ ወፍ መሆኗን ነገርኳት። በስመ አብ አለች፤ ትንሽ ዝም ብላ ደግሞ፣ «ታዲያ ስትጠይቅሽ ለምን ዝም ትያታለሽ? መልሺላት እንጂ» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እመልስላት ነበር። እሷ «ይሰማል?» ስትል እኔ «ይሰማል» እላለሁ፤ ከወጥ ቤት፣ ከደረጃ፣ ከጓሮም ቢሆን። የደረቷን ላባ መንቀሉንም ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተወችው መጣች።

ስለ ዘሯ ማንበብ የጀመርኩት አገሬ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ከምንም በላይ ያስገረመኝ እናቴ ያለችው ነገር እውነት ሆኖ መገኘቱ ነው። የግራጫ በቀቀን አገሩ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ቆላማ የዝናብ ደን ነው። ከአይቮሪ ኮስት ምሥራቃዊ ክፍል ተነስቶ በጋና፣ በናይጄሪያ፣ በካሜሩን፣ በጋቦንና በሁለቱ ኮንጎዎች አልፎ እስከ ኡጋንዳና ምዕራብ ኬንያ ይደርሳል። እንዲህ ባለ ደን ውስጥ ዓይን ብዙ አያገለግልም። ቅጠሉ ላይ ቅጠል ተደርቦበት፣ እዚያው ዛፍ ላይ ያለችው ጓደኛዋ እንኳ አትታያትም። ስለዚህ መንጋው የሚተሳሰረው በድምፅ ነው። አንዷ ትጠራለች፣ ሌላዋ ትመልሳለች፤ መልስ ያጣችው ደግማ ትጠራለች። ጀምበር ስትጠልቅ በየአቅጣጫው ፍሬ ሲለቅሙ የዋሉት እየተጠራሩና እያፏጩ፣ አንዳንዴ በመቶዎች ሆነው፣ አንድ ማደሪያ ላይ ይሰበሰባሉ።

ሰው ያልገባውን የሚደግመውን «እንደ በቀቀን» ይለዋል። እኔ ይህን አባባል መስማት አልወድም። ያቺ ወፍ በዚያ ቤት በየቀኑ ስንትና ስንት የዓረብኛ ቃል ትሰማ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ አይጠፋም፣ ልጆቹ ይጯጯኻሉ። እሷ የመረጠችው ግን ሁለት ሴቶች ሳይተያዩ «አለሽ ወይ?» የሚባባሉበትን አንዱን ቃል ነው። በደን ውስጥ የምትፈልገው ድምፅ እሱ ነበር፤ በቤቱ ውስጥ አግኝታ ወሰደችው።

ሌላም ነገር አለ። ቃል ከመልመዷ በፊት፣ ማታ ማታ መብራት ከመጥፋቱ በፊት የምታሰማው አንድ ፉጨት ነበራት፤ ሦስት ጊዜ ዝቅ እያለ የሚወርድ፣ መጨረሻው ላይ ቀጭን ጠቅታ ያለው። የማን ድምፅ እንደሆነ አላውቅም፤ ቤቱ ውስጥ እንዲህ የሚል ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ አንድ ጥናት፣ ያኔ ዛየር በምትባለው አገር የተቀረጹ ሁለት የዱር ግራጫ በቀቀኖች ከ200 በላይ ዓይነት ድምፅ እንደነበራቸው ይናገራል። ከእነዚህ መካከል የዘጠኝ ሌሎች የወፍ ዝርያዎችና የአንድ የሌሊት ወፍ ዝርያ ድምፅ ይገኝበታል። ይህን ሳነብ ያ ፉጨት ትዝ አለኝ። ምናልባት የጎረቤቷ ነበር፤ እሷ በተወለደችበት ዛፍ አጠገብ የሚኖር የሌላ ወፍ ድምፅ። «ይሰማል?» እየበዛ ሲሄድ ፉጨቱ እየቀነሰ፣ በሁለተኛው ዓመት ጭራሽ ጠፋ። ያኔ ልቀርጸው አላሰብኩም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ደኑ ከድምፅ በቀር በገላዋም ነበር። የኩዌት በጋ 50 ዲግሪ ይደርሳል፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ኤሲው ቀንና ሌሊት አየሩን ያደርቀዋል። አንድ ቀን ለካውያ በምጠቀምበት የውኃ መርጫ ሸሚዝ ሳረጥብ ነጠብጣቡ ደረሰባት። ወዲያው ሁለቱን ክንፎቿን ዘርግታ፣ ጅራቷን እንደ ማራገቢያ ከፍታ፣ አንገቷን ቁልቁል ደፍታ ዝም ብላ ቆመች። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት እረጭላት ነበር። ሁልጊዜ ያንኑ ታደርጋለች። ማንም አላስተማራትም፤ ዝናብ እንዴት እንደሚቀበሉት ታውቃለች።

ጎረቤት ቤት አንዲት ካሜሩናዊት ትሠራ ነበር። ቆሻሻ ስናወጣ በር ላይ እንገናኛለን፤ በተሰባበረ ዓረብኛ እንግባባለን። አንድ ረመዳን ዕቃ ልታግዘኝ ገብታ ካስኮን አየቻት። ሳህኑን አስቀምጣ ቀረብ አለች፤ ለረጅም ጊዜ አላወራችም። ከዚያ «የእኛ አገር ናት» አለች።

የደቡብ ምሥራቅ ካሜሩን ሰው ናት፤ ከኮንጎ ድንበር ብዙም የማይርቅ ሰፈር። በደኑ መሃል ዛፍ የሌለባቸው ረግረጋማ ሜዳዎች እንዳሉ ነገረችኝ። ጠዋት ላይ በቀቀኖቹ በመቶዎች ሆነው ከዛፍ እየወረዱ፣ ጭቃና ሣር ውስጥ ገብተው ማዕድኑን ይለቅማሉ። አጥማጆች መረባቸውን የሚዘረጉት እዚያ ነው። ሜዳ በሌለበት ደግሞ በሙጫ ይይዟቸዋል። ከዛፍ ደም የተነጠረ ሙጫ በዘንባባ ዝንጣፊ ላይ ቀብተው ከፍ ብሎ በሚታይ ዛፍ ላይ ይሰቅሉታል፤ አጠገቡ አንዲት ቀድማ የተያዘች በቀቀን ያስራሉ። የታሰረችው ትጮኻለች። መንጋው ሲያልፍ ድምፅዋን ሰምቶ ሊመልስላት ይወርዳል፤ ሙጫው ላይ ያርፋል።

ይህን ስትነግረኝ ካስኮ ያንኑ ቃሏን አለች። እኔ ግን ያኔ መመለስ አቃተኝ።

አጥማጆቹን አልፈርድባቸውም፤ ካሜሩናዊቷም አልፈረደችባቸውም። የሰፈሯ ልጆች ናቸው፤ ለእነሱ የሚደርሳቸው ጥቂት ነው፤ ገንዘቡ ያለው ከእነሱ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ በሚያሳልፉት ዘንድ ነው። የተያዙት ክንፋቸው ተቆርጦ በሣጥን ይታጨቃሉ። ወደ ውጭ ከመላካቸው በፊት ከሲሶ እስከ ሁለት ሦስተኛው እንደሚሞት ይገመታል። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 2013 ባሉት ዓመታት በወረቀት ተመዝግበው ከየአገራቸው የወጡት ብቻ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ካስኮ በዚህ ቁጥር ውስጥ ትኑር ወይም ያለ ወረቀት ትምጣ የሚያውቀው የለም። እግሯ ላይ ግን ቀለበት አልነበራትም። በእርባታ የተፈለፈለች በቀቀን ጫጩት ሳለች እግሯ ላይ የማይከፈት ቀለበት ይገባላታል፤ ስታድግ አይወልቅም።

እንዲህ ያለ ወፍ ተይዞ የሚተካ ይመስላል፤ ዶሮ ለለመደ ሰው በተለይ። ግራጫ በቀቀን ግን ጎጆ አትሠራም። ግንድም አትፈለፍልም። የምትጥለው በትልልቅ ዛፎች ግንድ ላይ ቅርንጫፍ ተሰብሮ፣ ዕድሜ አበስብሶት በተፈጠረ ሽንቁር ውስጥ ነው፤ ከመሬት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 ሜትር ከፍታ ላይ። ከሦስት እስከ አምስት እንቁላል ትጥላለች፤ አንድ ወር ያህል ትታቀፋለች፤ ጫጩቶቹ ለመውጣት ሌላ ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋሉ። በዚህ ጊዜ ሁሉ ያ አንድ ሽንቁር መኖር አለበት። ሽንቁር ደግሞ በወጣት ዛፍ ላይ አይገኝም።

ነገሩ የከበደው እዚህ ላይ ነው። ምግብ ከእርሻም ታገኛለች፤ የዘይት ዘንባባን ቀይ ፍሬ እንደምትወድ የማያውቅ ገበሬ የለም። ቤቷ ግን ያረጀ ዛፍ ብቻ ነው። ከምትመርጣቸው ዛፎች አንዱ የእንጨት ነጋዴዎች ሊምባ የሚሉት፣ ግንዱ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ግዙፍ ዛፍ ነው፤ ለቤት ዕቃና ለኮምፔንሳቶ ይፈለጋል። ስለዚህ ደኑ ሙሉ በሙሉ ባይጨፈጨፍም፣ ትልልቆቹ ብቻ ተመርጠው ሲወጡ፣ ከላይ ሲያዩት አረንጓዴ የሆነ ደን ለእሷ ባዶ መንደር ይሆንባታል። ጥላው አለ፣ ፍሬው አለ፣ በሩ ግን የለም።

የዚህን ውጤት ጋና አሳይታለች። ጋና ደኗን ለካካዎ እርሻና ለጣውላ ስትቆርጥ፣ በእርሻ መሃል የቀሩትን ትልልቅ ዛፎችም ስታጣ፣ ወፉም እየተያዘ ሲሸጥ፣ ሁለቱ ተደራርበው ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት እንዳለው ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የአገሪቱ ግራጫ በቀቀን ከ90 እስከ 99 በመቶ ቀንሷል። ከጥናቱ ሃያ ዓመት ገደማ በፊት እያንዳንዳቸው ከ700 እስከ 1,200 በቀቀን ያድርባቸው የነበሩ ሦስት ቦታዎች ላይ አጥኚዎቹ ሄደው ቆጠሩ። በሦስቱም ተደምሮ ያዩት 18 ነው።

አሥራ ስምንት። ይህን ቁጥር ሳነብ ያሰብኩት ስለ ማታው ጥሪ ነው። ሺህ ሆነው ሲያፏጩ ባደሩበት ዛፍ ላይ የሚቀሩት ጥቂቶች ምን ይሰማቸዋል?

በዚያው ዓመት፣ እኔ ኩዌት እያለሁ፣ የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ወፉን ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ አሰለፈው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 ጆሃንስበርግ ላይ የተሰበሰቡት መንግሥታት ደግሞ ከዱር የተያዘውን ለንግድ ከአገር አገር ማዘዋወር ከለከሉ፤ ውሳኔው እ.ኤ.አ. ከጥር 2017 ጀምሮ ጸና። እኔ በዚያ ክፍል ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልሰማሁም። በእርባታ የተፈለፈሉት አሁንም በፈቃድ ይሸጣሉ፤ የዱሩን በእርባታ ስም የሚያሳልፉም አሉ። እንደኔ ግን በእርባታ የተፈለፈለችዋንም ቢሆን ብቻዋን አትግዙ። 40 ዓመትና ከዚያ በላይ ልትኖር የምትችል ወፍ ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት ግራጫ በቀቀኖች በብረት ቀለበት ምግብ እንዲለውጡ ተለማምደው ነበር። የአንደኛዋ መለወጫ መስኮት ሲዘጋና የጎረቤቷ ሲከፈት፣ ለራሷ ምንም ሳታገኝ ቀለበቷን ለጎረቤቷ አቀበለች። እንዲህ ያለች ፍጥረት ምን አጥታ እንደምትኖር ከዚህ በላይ ምን ያስረዳል?

ይህን ታሪክ ስነግራቸው «አንቺም እንደሷው ነበርሽ» የሚሉኝ አሉ። ለደግ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን አልቀበልም። እኔ ወረቀት ፈርሜ ሄድኩ፤ ከብዶኛል፣ አልቅሻለሁ፤ በ2010 ዓ.ም. ግን ሻንጣዬን ይዤ እናቴ ደጃፍ ደረስኩ። ዓርብ ዓርብ ደግሞ የምትመልስልኝ ነበረችኝ።

አሁን እናቴ ቤት ስሆን ጠዋት ከቤተ ክርስቲያናችን አጸድ የትንንሽ አረንጓዴ በቀቀኖች ድምፅ ይሰማኛል። የኛው አገር ናቸው፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር የትም የላቸውም። ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው። ሾላ ሲያፈራ እየተጯጯኹ ይመጣሉ፤ የሚያድሩትም የሚፈለፍሉትም በዛፍ ሽንቁር ውስጥ ነው። በልጅነቴ አይቻቸው አላውቅም ማለት እችላለሁ፤ ነበሩ፣ ግን ቀና ብዬ አልፈለግኋቸውም። በዙሪያችን ያለው ኮረብታ ሁሉ ባሕር ዛፍ ሆኗል፤ ሽንቁር ያለው ሽማግሌ ዛፍ የቀረው ታቦቱ ባለበት ብቻ ነው። አባቶች ቅርንጫፉ እንዳይነካ ያስጠነቅቃሉ። ወፎቹን አስበው አይመስለኝም፤ ወፎቹ ግን ተጠለሉበት።

ዓይኖቿን ልናገር ብዬ ነበር። በመጣችበት ቀን ጥቁር የነበሩት እየነጡ አመድ መሰሉ፤ በሁለተኛው ዓመት የገለባ ቢጫ ሆኑ። እኔ ታማለች ብዬ ደንግጬ ማዳምን ጠርቼ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፤ የግራጫ በቀቀን ዓይን ጥቁር የሚሆነው ዓመት ሳይሞላው ነው። ስትገዛ ገና ልጅ ነበረች ማለት ነው። ያን ፉጨት የተማረችው በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ነበር።

ስመለስ ይዣት መምጣት አይቻለኝም ነበር። ትንሿን ልጅ፣ ያኔ አሥር ዓመቷ ነው፣ ቃሉን አስተማርኳት። «ካስኮ ስትጠይቅሽ ‹ይሰማል› በያት» አልኳት። ሁለት ሦስቴ ተለማመደችው።

በ2015 ዓ.ም. ልጅቷ በዋትስአፕ አንድ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ፤ አድጋለች፣ ድምፅዋ ተለውጧል፤ «ስሚያት» ብላ ስልኩን ወደ ሽቦ ቤቱ አስጠጋች። መጀመሪያ የእኔ ድምፅ መጣ፤ የዛሬ አሥር ዓመት ገደማው ድምፄ፤ «ይሰማል?» ትንሽ ጸጥታ። ከዚያ በቀጭኑ፣ ከስፒከር በሚወጣው ሻካራ ድምፅ፣ ነፋሱም ጭምር፣ እናቴ መለሰች፤ «ይሰማል ልጄ፣ ይሰማል!» እንደገና የእኔ። እንደገና የእናቴ።

ለእናቴ አሰማኋት። ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ብቻዋን ናት እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት፤ «ብቻዋን ናት።»